ተማሪዎቹ የሚያውቁትን ይጫወቱ

በየትምህርት ቤቱ የሚቀርቡት አስተማሪ ድራማዎች መጨረሻቸው ይመሳሰላል። የደላላ ምክር የሰማችው ልጅ ወይ ሞታ ወይ አእምሮዋ ተነክቶ ትመለሳለች። ጫት የጀመረው ልጅ እስር ቤት ይገባል። ከዚያ አንዱ ተዋናይ ወደ ተመልካቹ ይዞርና «ስለዚህ ወጣቶች ሆይ» ብሎ ምክሩን ይዘረግፋል። ይጨበጨባል፣ ርእሰ መምህሩ ያመሰግናሉ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ ያለ ጭውውት ብዙ አይቻለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ምሳቸውን እየዘለሉ የሚለማመዱ፣ ልብስ ከቤታቸው ለምነው የሚያመጡ ልጆች ናቸው። የሚቆጨኝ ይህ ሁሉ ድካም እኛ አዋቂዎች መስማት የምንፈልገውን መልሶ ለመንገር መዋሉ ነው። ልጆቹ ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት ነገር እያለ የእኛን ምክር በቃላቸው አጥንተው ይወጣሉ።

ስደትን እንውሰድ። በደቡብ ወሎ ስደት ያላንኳኳው በር ማግኘት ይከብዳል። ሴቷ በኮንትራት በቦሌ በኩል ወደ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤሩት ወይም ኩዌት ትሄዳለች። ወንዱ በባቲ አድርጎ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሻገርና ከዚያ በእግሩ ወደ ሳዑዲ ድንበር ይጓዛል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። ከእነርሱ ስንቱ ወሎዬ እንደነበር የዚህ አገር ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

እንግዲህ መድረክ ላይ «አረብ አገር ሞት ነው» ስንል ከፊታችን የተቀመጠችውን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። የቤታቸው ቆርቆሮ የተመታው እህቷ በላከችው ብር ነው። ያጠለቀችው ጫማም ከዚያው የመጣ ነው። ኦቦክ ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ በኋላ ድምፁ የጠፋውንም የጎረቤት ልጅ ታውቀዋለች። እናቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር እንዴት እንደምትነሳ አይታለች። ሁለቱንም ታውቃለች። ድራማው አንዱን ብቻ ሲነግራት የተቀረውንም አታምነውም። ግማሹን እውነት የደበቃትን ሰው ምክር ለምን ትስማ?

ይህ አካሄድ ከዚህ በፊትም ዋጋ አስከፍሎናል። በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱ የነበረውን የፀረ ኤድስ ክበብ የማያስታውስ የእኔ ዘመን ሰው የለም። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ወደ ባቲ የሚገነጠልባት የሾፌሮች ከተማ ናት፤ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነበር። የክበቡ ልጆች ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ተናግረዋል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን በድራማው ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁልጊዜ ይሞት ነበር። በ1997 ዓ.ም መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ሰዎች መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ሥራቸውን ሲሠሩና ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ በዓይናችን እያየን፣ ብዙ ጭውውት በሽተኛውን መቅበሩን አልተወም። ተመርምሬ ብገኝ ያው ሞት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለምን ይመርመር? ለማስፈራራት የተሠራው ድራማ ሰውን ከምርመራው ሊያስቀረው ይችላል።

ትምህርት ቤትና ቴአትር በአገራችን የቆየ ዝምድና አላቸው። ዮፍታሔ ንጉሤም መላኩ በጎሰውም መምህራን ነበሩ፤ ተውኔቶቻቸውን መድረክ ላይ ያወጡላቸውም ተማሪዎቻቸው ናቸው። እኛም ጋ ቢሆን ደሴ ተማሪዋ አንገቱን ደፍቶ የሚያድግባት ከተማ ሆና አታውቅም፤ የተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ከወሎ ላሊበላ ኪነት ድምፃውያኑ እነማሪቱ ለገሰና ዚነት ሙሃባ ወጡልን። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ መፈክር ይበዛ ነበር፤ መፈክሩን ዛሬ ማንም አያስታውሰውም። አምባሰሉና ባቲው ግን አሁንም ሠርግ ቤት ያስለቅሰናል። ከላይ የታዘዘው ጠፍቶ ከሰዉ የወጣው ቀረ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የክበብ ልጆች ስለ ስደት ድራማ ሲያዘጋጁ ልምምዳቸውን ተቀምጬ አየሁ። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው መሀሉን መድረክ አድርገውታል። የሃይላንድ ጠርሙስ ጀበና ሆኗል፣ ደብተር ማራገቢያ። ደላላውን የሚጫወተው ልጅ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ድምፁን አጎርንኖ፣ እየተንጎራደደ ገባ። ሁሉም ሳቀ። ከማዕዘን የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም።

«የእኛ ሰፈሩ ደላላ እንዲህ አይደሉም» አለች። «ለቅሶ የሚደርሱ፣ ሠርግ ላይ የሚመርቁ ሰው ናቸው። እማዬ አንቱ ነው የምትላቸው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ትዕይንቱን እንደገና ሠሩት። ደላላው አሁን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። የቤቱን ሰው በየስሙ እየጠራ ጤና ይጠይቃል። አቦሉ እስኪጠጣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ያወራል። ቶናው ላይ «ይቺ ልጅ አድጋለች እኮ» ይላል። በረካው ሲቀዳ አባትየው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ እናትየው ጥጃዋ ስንት ታወጣ ይሆን እያለች ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ፓስፖርት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትሆናለች። ስሟም ይቀየራል። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። ቡናውን የምታቀርበው እሷ ናት።

ይህን ትዕይንት የትኛውም ባለሙያ ሊጽፍላቸው አይችልም ነበር። አደጋው ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሲጋራ ይዞ እንደማይመጣ፣ የሚከበር ሰው ሆኖ ቡና ላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከዚህ በኋላ ትምህርቱ በራሱ ይገባል። ደላላው ለትኬት ብሎ ብር ሲጠይቅ፣ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው መሆኑን የምታውቅ አንዲት የአክስት ልጅ እዚያው ቡናው ላይ ብታነሳው፣ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ለሥራ መላክ እንደሚከለክል ብትናገር፣ ተመልካቹ ሕጉን ከነቦታው ይይዘዋል። በበራሪ ወረቀት ቢሰጠው ግን ሱቅ ሄዶ ስኳር ይጠቀልልበታል።

ድራማው የቀረበ ዕለት ወላጆችም ተጠርተው ነበር። ልጆቹ ትዕይንቱን ልጅቷ አንድ ቃል ከመናገሯ በፊት አቆሙትና «ምን ትበል?» ብለው ጠየቁ። አንድ ተማሪ «አልሄድም ትበል!» አለ፣ ተጨበጨበ። ከኋላ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ተነሳች። «አልሄድም ካለች በኋላ ያለውን አሳዩን» አለች። «የተበደርነውን ማን ይከፍላል? እሷስ ትምህርቷን ጨርሳ የት ትገባለች?» እውነተኛው ውይይት ከዚያ በኋላ ተጀመረ። ስለ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራዩ ተነሳ። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲገባ ሥራቸውን ስላጡት ልጆች፣ ስለ እቁብ፣ ስለ ሙያ ትምህርት ተወራ። አንዲት ተመላሽ ከጅዳ ይዛ ስለመጣችው ብርና ስላመጣችው የወገብ ሕመም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

ይህ አሠራር በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቴአትር ሲሠራ አንዲት ሴት ተዋናዮቹ ሐሳቧን በትክክል አላሳዩልኝም ብላ አስቸገረችው። በመጨረሻ ራስሽ ነይና አሳዪን አላት፤ ወጥታ አሳየች። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ ራሱ ወጥቶ መፍትሔ የሚሞክርበት ቴአትር በብዙ አገር ተስፋፋ። እኛ ግን ለዚህ ከፔሩ የሚመጣ ፈቃድ አያስፈልገንም። አባጋር በሚባሉት ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ ነገርን ከሥሩ መርምሮ እርቅ የሚያወርድ፣ ሙስሊም ክርስቲያኑ በአንድ ዱዓ የሚቀመጥበት አገር ሰዎች ነን። ክብ ሠርቶ መነጋገር የወሎ ሙያ ነው።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ግን አለ። ከልጆቹ ሕይወት የሚወጣ ድራማ የልጆቹን ቁስል ይነካል። ከጦርነቱ በኋላ በደሴና በኮምቦልቻ ክፍሎች ውስጥ ያላየው መከራ የሌለ ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ማንም የራሱን ታሪክ እንዳይጫወት፣ የሦስት አራት ሰው ገጠመኝ ተቀላቅሎ አንድ ታሪክ እንዲሆን፣ ስምና ሰፈር እንዲለወጥ ያስፈልጋል። ልምምድ ላይ ድንገት የምታለቅስ ልጅ ብትኖር ይዟት ወጥቶ የሚያናግራት አዋቂ ይመደብ። ደላላው የተመልካች አጎት ሊሆን ስለሚችልም ልጆቹን ለጠብ አሳልፎ የሚሰጥ ፍንጭ አይግባ። ይህን መጠበቅ የክበቡ ተጠሪ መምህር ኃላፊነት ነው።

የክበብ ተጠሪ መምህራን፣ አደራችሁን። ለወላጆች ቀን ድራማ ስታዘጋጁ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ከማለታችሁ በፊት «እናንተ ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሁለት ሳምንት ዝም ብለው ታሪክ ይሰብስቡ፤ አያቶቻቸውን፣ ተመላሾችን፣ መናኸሪያ ያሉትን ልጆች ያናግሩ። የድራማው ሰዓት 40 ደቂቃ ከሆነ 20ውን ለተመልካቹ ተዉለት። ርእሳነ መምህራን፣ የልጆቹ ጥያቄ ትምህርት ቤቱን የሚያሳፍር ቢመስላችሁም አትቁረጡባቸው። መድረክ ላይ ያልተነሳው ነገር ቡና ላይ ይነሳል፤ እዚያ ደግሞ ደላላው ብቻውን ነው የሚያወራው።

ወላጆችም ስትጠሩ ሂዱ። ከኋላ ተቀምጣችሁ ብቻ አትመለሱ። እንደዚያች እናት ተነሱና ጠይቁ። ልጆቻችን እውነቱን ለመናገር የደፈሩበት አዳራሽ ውስጥ እኛ ዝም ካልን፣ ድፍረታቸውን መልሰን የምናስረሳቸው እኛው ነን።