ቢስክሌት የተወለደበት ጋራዥ

በአሜሪካ አገር በምዕራብ ዳርቻ፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር የተዘረጋው የሎስ አንጀለስ ከተማ በሲኒማ ሥራውና በአውራ ጐዳናዎቹ ብዛት በዓለም የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስለ እነዚህ ነገሮች ብዙ መናገር አያስፈልገንም። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናመለክት የምንወደው መንገደኛ ሁሉ ሳያየው የሚያልፈውን የዚያን አገር አንድ ክፍል ነው፤ ይኸውም በየመኖሪያ ቤቱ ጐን ወይም ጓሮ የሚሠራው የአውቶሞቢል ማደሪያ፥ ጋራዥ የሚባለው ነው። ቢ ኤም ኤክስ የሚሉት፥ የዓለም ልጆች ሁሉ የሚዘሉበት ትንሽ የእሽቅድምድም ቢስክሌት፥ ከፋብሪካ አስቀድሞ በዚህ ክፍል ውስጥ ተወልዷል ብንል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

የደቡብ ካሊፎርኒያ አየር ደረቅና ለብ ያለ ነው። ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ጥቂት ጊዜ ይጐበኘዋል እንጂ ሌላው ጊዜ ፀሓይ ነው፤ በሜዳውም ላይ በረዶ አይታይም። ስለዚህ አውቶሞቢሉ ደጅ ቢያድር የሚጐዳው ነገር ስለሌለ፥ ማደሪያው ቀስ በቀስ ከመኪናው እጅ ይወጣና የአባት መሥሪያ ቤት፥ የልጆች መዋያ፥ የእናት የልብስ ማጠቢያ ስፍራ ይሆናል። መሬቱ በሲሚንቶ የተለሰነ፥ መዝጊያው ሰፊ ስለ ሆነ፥ ለብረት ሥራ ከዚህ የተሻለ ክፍል አይገኝም።

ከሎንግ ቢች ከተማ ጋር የሚዋሰነው ሌክውድ የተባለው ከተማ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 17,500 ቤት የተሠራበት ነው። በዚያ ቤት ገዝተው ከገቡት ሰዎች ብዙዎቹ በሎንግ ቢች በነበረው በዳግላስ የአውሮፕላን ፋብሪካ ያገለግሉ ነበር። በሰሜንም በኩል በበርባንክ ከተማ የሎክሂድ ፋብሪካ ነበረ። እንግዲህ ቀኑን የአውሮፕላን ብረት ሲቈርጥና ሲበይድ የዋለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ እጁ ሥራውን አይረሳም። ክሮሚየምና ሞሊብዴነም የተቀላቀለበት፥ በባለሙያዎች ዘንድ 4130 በሚል ቍጥር የሚታወቀው ስስ የብረት ቱቦ ለአውሮፕላን አካልና ለእሽቅድምድም መኪና የሚያገለግል ሲሆን፥ በዚያ አገር ግን ለሚፈልገው ሰው የማይቸግር ዕቃ ነበረ። ስለ ቢ ኤም ኤክስ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የልጆቹን ድፍረት ያመሰግናሉ፤ እኛ ግን ይህ ቱቦና እነዚህ አባቶች ባይኖሩ ኖሮ ድፍረቱ ብቻውን ከአጥንት ስብራት በቀር ሌላ ነገር ባላፈራም ነበር እንላለን።

ነገሩ የተዠመረው እንደዚህ ነው። በ1960ዎቹ መዠመሪያ የካሊፎርኒያ ልጆች ባለ 20 ኢንች ጎማ የሆነውን የታናናሾቻቸውን ቢስክሌት እየወሰዱ፥ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ የተነሣ መሪ፥ እንደ ሙዝም የረዘመ ኮርቻ ያገቡበት ዠመር። በቺካጎ ከተማ የነበረው የሽዊን ኩባንያ ሹም አል ፍሪትዝ ወሬውን በሰማ ጊዜ፥ ይህንኑ መልክ ይዞ በ1963 ዓ.ም. ስቲንግ ሬይ የተባለውን ቢስክሌት አወጣ። አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው፤ በዚህ ጕዳይ ልጆቹ አስተማሪ፥ ፋብሪካው ተማሪ ነበረ።

በሎስ አንጀለስ ምዕራብ ክፍል፥ ኦቨርላንድ በተባለው ጐዳና ላይ፥ ፓልምስ ፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ። ትልቁ የሳንታ ሞኒካ አውራ ጐዳና ቅርብ ስለ ሆነ የመኪናው ድምፅ እንደ ሩቅ ወንዝ ሲሰማ ይውላል። ይህን ስፍራ ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው ዓይኑን የሚስብ ሐውልት እፈልጋለሁ ቢል ድካሙ ከንቱ ነው፤ የሚያገኘው ሣር፥ ዛፍና የልጆች መጫወቻ ነው። ዳሩ ግን በ1969 ዓ.ም. በስቲንግ ሬይ የሚመጡ ልጆች፥ ሞተረኞች በአፈርና በጕብታ ላይ እንደሚሽቀዳደሙት እኛም እንሽቀዳደም ብለው በተነሡ ጊዜ፥ የመናፈሻው ሠራተኛ የነበረ አንድ ወጣት ሥርዐቱን አዘጋጅቶላቸው ውድድሩ የተዠመረው በዚህ ነው። በተከታዩ ዓመት፥ በኖቬምበር 14 ቀን 1970 ዓ.ም.፥ ስኮት ብራይትሃፕት የሚባል ገና የ13 ዓመት ልጅ በሎንግ ቢች ባዶ ሜዳ ላይ የራሱን ውድድር ጠራ። 35 ልጆች ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍለው ገቡ፤ ለአሸናፊዎቹም እርሱ ራሱ በሞተር ቢስክሌት ውድድር ያገኛቸውን ዋንጫዎች ሸለማቸው። በሁለተኛው ጊዜ የመጡት ልጆች 150 ነበሩ ይባላል። በ1971 ዓ.ም. ብሩስ ብራውን ያወጣው «ኦን ኤኒ ሰንደይ» የተባለው ስለ ሞተረኞች የሚናገር ሲኒማ በመግቢያው ላይ እንደነዚህ ያሉትን ልጆች ስላሳየ፥ ጨዋታው በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ።

የሆነ ሆኖ ስቲንግ ሬይ ለጐዳና እንጂ ለዝላይ አልተሠራም ነበር። ከጕብታ ላይ ዘሎ ሲያርፍ የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራው የፔዳል ክንድ ይጣመማል፤ የጎማው ሽቦዎች ይበጠሳሉ፤ ቸርኬው እንቍላል ይመስላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን መሪው በሚሰካበት አንገት ሥር አካሉ ሲሰነጠቅ ነው፤ ምክንያቱም ስንጥቁ ከቀለም በታች ሲያድግ ከርሞ፥ አንድ ቀን ልጁ በአየር ላይ ሳለ ወይም መሬት ሲነካ በድንገት ይለያያል። በዚህ ጊዜ ነው አባቶች ወደ ጋራዣቸው የገቡት። ሦስት ማዕዘን ላሜራ ቈርጠው በአንገቱ ሥር በየዱበት፤ የመሪውን ሁለት ቀንድ በመካከል በቱቦ አገናኙት፤ ጥቂቶቹም የፋብሪካውን አካል ጥለው ከ4130 ቱቦ ሌላ ሠሩ።

ከእነዚህም አንዳንዶቹ ስማቸው ወጣ። ሊን ካስታን በሬድላይን ድርጅቱ የሞተር ቢስክሌት አካል ይሠራ ነበርና፥ በ1974 ዓ.ም. ከክሮሚየም ሞሊብዴነም ቱቦ የልጆች ቢስክሌት ሹካ ሠራ። በዚያው ዓመት ስኪፕ ሄስ በሲሚ ቫሊ ከተማ በአንድ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ፥ ሽቦ የሌለውን፥ በቀልጦ ብረት የሚወጣውን ሞቶማግ የተባለ ጎማ ዠመረ፤ ኋላ ሞንጉስ የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ቦብ ሃሮ ደግሞ በሳን ዲዬጎ ከተማ የተሽቀዳዳሚዎችን የቍጥር ሰሌዳ ከፕላስቲክ በእጁ እየቈረጠ ሲሸጥ ቈይቶ፥ በመጨረሻ ባለ ትልቅ ኩባንያ ሆነ። ጨዋታውም በ2008 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ገባ፤ የትርኢት ዝላዩ ክፍል በ2021 ዓ.ም. በቶኪዮ ተጨመረ።

ከፓልምስ ፓርክ በመኪና ብዙ ሳይርቁ ፌርፋክስ ከተባለው ጐዳና ይደረሳል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው፥ የእንጀራና የቡና ሽታ የሚቀበልዎት ስፍራ ይህ ነው። ከዚያ ሰፈር ባሻገር የሚኖር አንድ ያገራችን ሰው በእንግድነት ተቀብሎን ስለ ነበር፥ የዛሬውን የጋራዥ ሥራ በእርሱ ቤት ለማየት በቃን። ሰውየው በወጣትነቱ በአዲስ አበባ መርካቶ፥ አሮጌ ብረት ወደ ምድጃና ወደ ማንጠልጠያ በሚለወጥበት በምናለሽ ተራ እጁን ያፍታታ ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። አባቱ በዚያ ዕድሜው ኩሽኔታ ለቅሞ ከእንጨት ጋሪ ሠርቶ ቍልቍለት ይወርድበት እንደ ነበረ፥ ልጁም በአባቱ ሞርሳ ላይ የቢስክሌቱን ዕቃ ሲሞርድ ይውላል።

ሲሠራ ያየነው በኋላ ጎማው ዘንግ ጫፍና ጫፍ የሚገባውን የእግር መርገጫ ነው። ዲያሜትሩ 38 ሚሊሜትር የሆነ ወፍራም የብረት ቱቦ በአንድ ስንዝር ግማሽ ያህል በመጋዝ ይቈርጣል፤ በአንድ ጫፉ ክብ ወፍራም ብረት ይበየድበትና በመካከሉ ለዘንጉ 14 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳል፤ በውጭው ዙሪያ ጫማ እንዳያንሸራትት በመጋዝ ጥርስ ያወጣለታል። የቱቦው ውስጥ የዳዶ መፍቻ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ይህን ያላሰበ ሰው መርገጫውን ጨርሶ የሚያስርበት ያጣል። ልጁ ከዚህ ቀደም ካቴናው እንዳይላላ የኋላውን ዘንግ በብሎን የሚስብ ትንሽ መወጠሪያም ከላሜራ ቍራጭ ሠርቷል። በመሪውና በአካሉ ላይ የታሰረውን፥ ደረትንና ጕልበትን የሚጠብቀውን ባለ ስፖንጅ መሸፈኛ የሰፋችለት እናቱ ናት። ስፌቱን ስናመሰግንላት «እኔ የምሰፋው ለቢስክሌቱ አይደለም፥ ለአጥንቱ ነው» አለችን።

በዚያ ቀን አንድ ክርክር ተነሣ። ልጁ በወረቀት ላይ በጥንቃቄ የነደፈውን ሥዕል አምጥቶ ለአባቱ አሳየው፤ አዲስ ሹካ ነበር።

«አባዬ፥ ቱቦው አለ፤ አንተ ትበይዳለህ፤ እኔ እቈርጣለሁ።»

አባትየው ሥዕሉን አገላብጦ አየና፥ «ሥዕሉ መልካም ነው፥ ልጄ» አለ። «መርገጫህ ቢሰበር እግርህ ይወርዳል፤ ሹካው ቢሰበር ግን በፊትህ ትወርዳለህ። ይህን አልበይድልህም።»

«የዱሮዎቹ አባቶች ሠርተው የለምን?»

«ሠርተዋል። እነርሱ በሥራ ቦታቸው ብየዳቸው በጨረር የሚመረመርባቸው ሰዎች ነበሩ። የኔን ማን መረመረው?»

ልጁ ተኰርፎ ወጣ፤ እራት እስኪቀርብም አልተመለሰም። በቤቱ ውስጥ ስለ ነበርን ነገሩ አሳዘነን፤ ዳሩ ግን ፍርዱን ትክክለኛ ሆኖ አግኝተነዋል። በልጅ ቢስክሌት ላይ ያለው ዕቃ በሁለት ይከፈላል፤ ሲሰበር ገንዘብ የሚያስከፍልና ሲሰበር ጥርስ የሚያስከፍል። የቍጥር ሰሌዳ፥ መሸፈኛ፥ የካቴና መወጠሪያ፥ መርገጫም በዝቅተኛ ዝላይ እስከ ሆነ ድረስ ከፊተኛው ወገን ናቸውና ልጅ እጁን ይፍታባቸው። ሹካ፥ መሪ፥ መሪውን የሚጨብጠው አንገትና የፔዳል ክንድ ግን ከኋለኛው ናቸው፤ የታወቀ ባለሙያ የሠራቸውን መግዛት ይሻላል። መሪን በቤት የሚያጥፉ ሰዎች ቱቦው እንዳይጨፈለቅ አሸዋ ሞልተው ሁለቱን አፍ ይደፍናሉ፤ ብረቱን በእሳት የሚያግሉት እንደ ሆነ ግን አሸዋው ፈጽሞ ደረቅ ካልሆነ፥ በውስጡ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ድፍኑን እንደ ጥይት ይወረውረዋል። አሉሚኒየምም ያሳስታል፤ በፋብሪካ በሙቀት የጠነከረው አሉሚኒየም በተበየደበት ስፍራ ዙሪያ ብርታቱን ያጣል፥ ዳግመኛም በሥርዐቱ በምድጃ ካልተስተካከለ በዓይን ሲያዩት ደኅና መስሎ ይከዳል።

ከዚህም በቀር አባቶች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በቆርቆሮ ቤት ክዳን ላይ እንደምናየው ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ በዚያው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። በክሮም የተለበጠው ደግሞ ሲበየድ ሳንባን የሚመርዝ ጢስ ስለሚያወጣ፥ ልባጩ አስቀድሞ ከብየዳው ስፍራ መወገድ አለበት፤ ይህንም ማስወገድ የባለሙያ ሥራ ነው። የጋራዡ መዝጊያ ሰፊ ሆኖ መሠራቱ እንዲህ ባለው ጊዜ ይጠቅማል፤ በዚያ ቤት መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት መዝጊያው ሁልጊዜ ይከፈት ነበር።

ከመሰነባበታችን በፊት ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርገውን አሳየን። ቢስክሌቱ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ፥ አንገቱንና የተበየደውን ስፍራ ሁሉ ላምባ በነካ ጨርቅ ያርሰዋል። ጥቂት ደቂቃ ከቈየ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አጥርቶ ይጠርገውና ነጭ የጠመኔ ዱቄት ይነሰንስበታል። ስንጥቅ እንደ ሆነ ወደ ውስጥ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና በጠመኔው ላይ እንደ ፀጕር የቀጠነ ጥቍር መስመር ይሥላል። በዚያ ቀን ጨርቁን የያዘው ልጁ ነበር፤ በሁለቱም ጐን አጐንብሶ፥ መብራቱን ወደ ብየዳው እያቀረበ ቀስ ብሎ ተመለከተ፤ ጠመኔው ነጭ እንደ ሆነ ስለ ቀረ ቢስክሌቱን ይዞ ወጣ።