የማይሮጥ ሕይወት

የአምስት ዓመት ልጅ «ድመት ሕይወት አላት?» ተብሎ ቢጠየቅ ሳያቅማማ «አላት» ይላል። ጥያቄው ወደ ጓሮው ዋንዛ ሲዞር ግን ያመነታል፤ ብዙ ጊዜም «የለውም» ይላል። ለምን ቢሉት መልሱ አንድ ነው፦ «አይሄድማ!»

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እንዲህ ያለውን የልጆች ጭውውት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1926 በመጽሐፍ አሳትሟል። ካነጋገራቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ፀሐይና ደመና፣ ንፋስም ጭምር ሕያው ናቸው ይሉ ነበር፤ ይንቀሳቀሳሉና። ከፍ ሲሉ ሌላ ነገር ገፍቶት የሚሄደውን በራሱ ከሚሄደው ይለያሉ። ሕይወትን ለእንስሳትና ለዕፅዋት ብቻ የሚሰጡት ከሁሉ በኋላ፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው።

ይህን አላዋቂነት ማለት ልጁን መበደል ነው። ልጅ የሚፈርደው ባየው ነው፤ ዛፍ ደግሞ እያዩት አይራመድም። ስለ ዕፅዋት የሚያውቀውም ከሚጠበቀው በላይ ነው። ከባቄላ ባቄላ እንጂ በቆሎ እንደማይበቅል በአራት ዓመቱ ይገባዋል። ጃፓናውያኑ ጊዮ ሃታኖና ካዮኮ ኢናጋኪ ባደረጉት ጥናት የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች አበባም እንደ እንስሳ እንደሚያድግ፣ ውሃ ካጣ እንደሚጎዳ አሳምረው ያስረዱ ነበር።

እንዲያውም ትውውቁ አፍ ከመፍታት ይቀድማል። አኒ ወርትዝና ካረን ዊን በየል ዩኒቨርሲቲ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ከስምንት እስከ አሥራ ስምንት ወር የሆናቸው ሕፃናት ፊት ቅጠላ ቅጠልና ሌሎች ዕቃዎች ቀርበው ነበር። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚሰደው ሕፃን ቅጠሉን ለመንካት ከሌላው ዕቃ ይልቅ ዘገየ። በሌላ ሙከራቸው ደግሞ ትልቅ ሰው ከተክል ላይ ቀጥፎ ሲቀምስ ያዩ ሕፃናት፣ የሚበላው የተክሉ ፍሬ እንደሆነ ተረዱ። እጁን ሰብስቦ የትልቁን ሰው አፍ ማየት፤ ይህ ጥበብ ነው።

የዚህን ጥበብ ዋጋ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ያውቀዋል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይበቅለው ሳማ የነካውን እጅ ይለበልባል፤ ያው ሳማ ሲቀቀል ግን ምግብ ነው። የቅንጭብ አጥር ወተት ዓይን ይጎዳል። እረኛ ልጅ አጋሙና ኮሽሙ መቼ እንደሚበስል፣ የትኛው ሾላ እንደሚጣፍጥ ማንም መምህር ሳያስተምረው ከታላቆቹ ይቀስማል። በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ከአንድ ማሰሮ አበባ ሌላ አረንጓዴ ነገር ሳያይ የሚያድግ ልጅ ይህ ሁሉ ይቀርበታል፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም።

ወደ «አይሄድማ!» ስንመለስ፣ ጆን ኦፕፈርና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ለአምስት ዓመት ልጆች አንድ ነገር አስተማሩ፦ ዕፅዋትም እንደ እንስሳት ወደሚጠቅማቸው፣ ወደ ብርሃንና ወደ ውሃ ይንቀሳቀሳሉ። ይህን የሰሙ ብዙ ልጆች ዕፅዋትን ሕያው ከሚሉት ወገን መደቡ። የጎደላቸው ዛፉም በራሱ መንገድ እንደሚሄድ የሚነግራቸው ሰው ነበር።

ዛፍን መዘንጋት ደግሞ ከልጅነት ጋር አብሮ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት የባዮሎጂ ፕሮፌሰሮች ሳይቀሩ በጥድፊያ «ሕያው ነው? አይደለም?» ሲባሉ ለዕፅዋት መልስ ለመስጠት ከእንስሳት ይልቅ ዘግይተዋል።

ስለዚህ የዛፍን ጉዞ ለልጅ በዓይኑ ማሳየት ነው የሚሻለው፤ ለመዋዕለ ሕፃናትም አይከብድም። ቻርለስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሙከራ እፍኝ ስንዴ፣ አፈር የሞላ ጣሳና ከብስኩት መጠቅለያ የተቆረጠ ብልጭልጭ ወረቀት ይበቃዋል። ገና ብቅ ካሉት ቡቃያዎች የግማሾቹን ጫፍ በወረቀቱ ሸፍኖ ጣሳውን ከመስኮት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ያልተሸፈኑት ወደ ብርሃኑ ይጎብጣሉ፤ የተሸፈኑት ቀጥ እንዳሉ ያድጋሉ። ወረቀቱን የሚያለብሰው ግን ልጁ ራሱ ይሁን፤ በማግስቱ መጀመሪያ ሮጦ የሚያየውም እሱ።