ከሶደሬ ማዶ
ክረምቱ አልፎ ወርኀ ጽጌ በገባ ጊዜ፥ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሕዝብ አዳማን አቋርጦ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ይጎርፋል። ልጆች ይዋኛሉ፤ ሽማግሌዎች ለወገባቸው ይታጠባሉ፤ ጦጣዎችም የሰውን ምሳ ይነጥቃሉ።

ከአዋሽ ማዶ በአሰላ መንገድ ያለችውን ደራን ግን ጎራ ብሎ የሚያያት ጥቂት ነው። በአጠገቧ ባለው በዲልፈቃር ጥብቅ ሥፍራ አጋዘን ይኖራል። ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ ቀንድ የላትም። ፀሐይ ሲበረታ ከቁጥቋጦ ስለሚሸሸግ፥ ሊያየው የሚወድ ማልዶ መነሣት ይገባዋል። ምግቡም መጠለያውም የግራር ዱር ነው፤ ከሰል የሚከሰለውም ከግራሩ ነው። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ስንመለስ መኪና ላይ መጫን ለብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል።

እኛ ዘንድሮ ለከሰል ያሰብነውን ገንዘብ ለደራ ቡናና ዳቦ አውለነዋል።