ይድረስ ለማንሺያዋ እህቴ

እህቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ባለቤትሽንም ያጽናው። የልጃችሁን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

መተማ መግባታችሁን ስሰማ እፎይ ብዬ ነበር። በስልክ ስታወሪኝ ግን የልብ ሕመምተኛ ልጅሽን ለካርቱም አፈር ሰጥተሽ ሌላ ሸክም ተሸክመሽ እንደ መጣሽ ገባኝ። «ወደ ሆስፒታል አንድ ሰዓት ቀደም ብለን ብንወጣ ኖሮ» አልሽኝ፤ ደጋግመሽም አልሽው። ይህን የምጽፍልሽ ስለዚያች ሰዓት ነው።

የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ስዑር ነው። እናንተ ለፋሲካ ስትሰናዱ ከሰፈራችሁ ከማንሺያ የሚያስወጣው መንገድ ሁሉ ተኩስ ሆነ። በዚያው ሰሞን የሱዳን ሐኪሞች ውጊያው ባለበት አካባቢ ካሉት ሆስፒታሎች 70 ከመቶ ያህሉ ሥራ ማቆማቸውን ተናግረው ነበር። ባለቤትሽ በዚያች ሰዓት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ነዳጅ ያለው የአምጃድ ታክሲ ፍለጋ ጅሬፍ ድረስ በየደጁ ሲያንኳኳ ነበር። ሁለት ሆስፒታል ተዘግቶ ጠበቃችሁ፤ የሦስተኛው ድንገተኛ ክፍል ተቀበላችሁ። የዘገያችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ መንገዱ ነው።

«ማታ እኮ ውሃ ጠይቆኝ ጠጥቷል፤ ደህና ነው ብዬ ተኛሁ» ያልሽኝም አለ። በነርስነቴ የማውቀውን ልንገርሽ። የሕፃን ሰውነት ድካሙን ይደብቃል። ልቡ ሲያቅተው ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ እንዲህ እያካካሰ ይቆያል፤ ይጫወታል፣ ይስቃልም። አቅሙ ሲያልቅ ግን የሚወድቀው ባንዴ ነው። ሐኪሞችን ሳይቀር ያታልላል። ስለዚህ ማታ ደህና ሆኖ ያየሽው እውነት ነው፤ አይተሽ እንዳላየሽ አላለፍሽም።

ያቺን ደብተርሽንም አትርሺ። የመድኃኒቱን፣ የላሲክሱን፣ መጠንና ሰዓት፣ ክብደቱን፣ የሶባውን ቀጠሮ የጻፍሽባትን። ሶባ ያለው የሰላም የልብ ማዕከል ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ልብ በነጻ እንደሚያክም ሰምተሽ፣ ልጅሽን አዝለሽ የሄድሽ አንቺ ነሽ። በመጨረሻው ሆስፒታልም ተረኛዋ ሐኪም ኦክስጅኑን አድርጋለት ደብተሯን ከእጅሽ ተቀብላ ኪሎውን አነበበች አላልሽኝም? የሕፃን መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይህን ጽፎ የመጣ ወላጅ ደቂቃ ያተርፋል። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል ሌላውን ዕቃ ጥለሽ ደብተሯን በጉያሽ ይዘሻል። ከዚህ በላይ እናት ምን ታደርጋለች?

ቀድማችሁ ብትደርሱ ይተርፍ ነበር ወይ? ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም። በማይጎማ የሕፃናት ማሳደጊያ የሆነውን በግንቦት ሰምተሻል። የቀሩት ጥቂት ሞግዚቶች ለሁሉም መድረስ አቅቷቸው፣ በርካታ ሕፃናት በረሃብና በሕመም አለቁ። አቅመ ደካማውን ልጅ ያ ጦርነት ከሁሉ አስቀድሞ ነው የበላው። ያንቺ ልጅ ያረፈው እናቱ ክንድ ላይ፣ በስሙ እየተጠራ ነው። ይህ ሐዘንሽን አያቀልም፤ ጸጸትሽን ግን ያቅልልልሽ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። «ለምን ዘገየህ» የሚለው ቃል በመካከላችሁ አይግባ። ባለቤትሽ ዝም ያለው ስላልከፋው አይደለም፤ አንቺ ከምትጠይቂው አብልጦ ራሱን እየጠየቀ ነው። ያቺን ሰዓት ሁለታችሁም ተዉአት።

ለቅሶም አልተቀመጣችሁም። ሱዳናውያኑ ጎረቤቶቻችሁ «አል-በረካ ፊኩም» ብለው አጽናንተው፣ ሻይ አፍልተው ቀበሩላችሁ፤ ብድራቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ግን በማግስቱ መንገድ ጀመራችሁ፤ እንባችሁን እንደያዛችሁ ነው። አሁን ጎንደር እናትሽ ቤት ግቡ። ፍራሹ ይነጠፍ፣ ንፍሮው ይቀቀል፣ ዘመድ ይምጣ። ስለ ልጃችሁ አውሩ፤ ሳቁን፣ ተንኮሉን፣ ኮቾሮ እንደሚወድ ንገሯቸው። የሚያውቀው ሰው የለም ብለሽ አትፈሪ፤ ከአፍሽ ሰምተው ያውቁታል። «በቃ፣ ሌላ ልጅ ይሰጥሻል» የሚልሽ ቢመጣ ተቀይመሽ አትመልሽለት፤ የሚለው ቢያጣ ነው።

እኔም ተረኛነቴን ለውጬ በሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ። እዝን ይዤ፣ ካንቺ ጋር ልቀመጥ። እስከዚያው እህል ቅመሺ፣ ጥቂት ተኚ።

እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እህትሽ
ሰኔ 2015 ዓ.ም.