ስፌት የበላው 2 ሴንቲ

ፓተርን መማር ሳንጀምር ዲዛይነር ማለት ሥዕል የሚሥል ሰው ይመስለን ነበር። ዓለም ባንክ ያለችው ክፍላችን ወለል ላይ ካርቶን ስንዘረጋ ግን ነገሩ ሒሳብ ሆነብን (ከሒሳብ ሸሽተን ነበር የመጣነው!)። የእማዬ ደረት 92፤ ለ4 ሲካፈል 23፤ ለመላወሻ 2 ሴንቲ ሲጨመር 25።

ቀሚሱ ከስልክ ፎቶ የተቀዳ አይደለም፣ የራሳችን ፈጠራ ነው። ለበዓል ያስቀመጠችውን ሸማ ቆረጥንላት። የስፌት ትርፍ መተው ረስተን ኖሮ፣ መላወሻውን እንዳለ ስፌቱ በላው።

ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ አዲስ ዲዛይን የምትሞክረው በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ነበር። እኛ እናታችን ላይ ሞከርን። ቀሚሱ ከደረቷ አልወርድ ሲል፣ «ወፍሬ ነው እንጂ ልኩስ ልክ ነው» አለችን።

በነጋታው 3 ሜትር አቡጀዲ ገዛን።