አራስ ድመት በጎተራ ጥግ

በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ድመት ከቤተሰቡ ጋር የምትኖረው በዋነኛነት አይጥ እንድትይዝ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገበሬ የሚያመርተው ማሽላ፣ በቆሎ፣ ለውዝና ሰሊጥ ከአዝመራ በኋላ ለወራት በጎተራና በጆንያ ስለሚቆይ፣ ብዙው የገጠር ቤትም በክልሉ በስፋት ከሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ተሠርቶ ሣር የሚከደን በመሆኑ፣ አይጥ መግቢያም መደበቂያም አያጣም። በርታውና ጉሙዙ፣ ሺናሻውና ማኦው፣ በ1977ቱ ድርቅ ሳቢያ ከወሎ መጥቶ በአሶሳ ዙሪያ የሰፈረውም ገበሬ በዚህ ረገድ ችግራቸው አንድ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ያህል የምትፈለገው እንስሳ ስታረግዝና ስትወልድ «ድመት ለራሷ ታውቃለች» ተብላ የምትተውበት ጊዜ ይበዛል። ይህ አስተሳሰብ ድመቷንም ባለቤቷንም ይጎዳል፤ ጠንካራ አዳኝ ድመት የምትገኘው ከፅንስ አንሥቶ ግልገሎቹ ጡት እስኪጥሉ ባሉት አራት ወራት ገደማ ውስጥ በሚደረግ እንክብካቤ ነውና።

ለቸልተኝነቱ የሚቀርበው ምክንያት የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም የሚል ነው። ድመት ግን የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ የማደን ደመ ነፍሷ፣ ማለትም ከተፈጥሮዋ ጋር የመጣው ውስጣዊ ግፊት፣ ሆዷ ስለሞላ አይጠፋም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው አባባል በዚህ በኩል ከሥነ ሕይወት ዕውቀት ጋር ይስማማል። የቤት ድመት የዘር ግንድ ዛሬም በኢትዮጵያ የሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ሲሆን፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የዘረ መል ጥናት እንዳመለከተው ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው በመካከለኛው ምሥራቅ፣ እህል ማምረትና ማከማቸት በተጀመረባቸው ሥፍራዎች ነው። ግንኙነቱ ከመነሻው በጎተራ ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ነው። ከአሶሳ ዞን ነዋሪ አብዛኛው በሚከተለው በእስልምና አስተምህሮም ድመት ንጹሕ እንስሳ ተደርጋ ትቆጠራለች፤ ድመትን አስሮ ማስራብም ከባድ ኃጢአት መሆኑ ይነገራል።

የድመት እርግዝና ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ይወስዳል። በሦስተኛው ሳምንት ጡቶቿ ይቀላሉ፤ ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ሆዷ ይታያል። ፅንሶቹ እያደጉ ሲሄዱ የምትፈልገው ምግብ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ በምታጠባበት ወቅት ደግሞ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እንጀራ ወይም የማሽላ ገንፎ ሆዷን ቢሞላም ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር አይሰጣትም። ታውሪን በሥጋና በዓሣ ውስጥ የሚገኝ፣ የድመት ሰውነት በበቂ መጠን ሊያመርተው የማይችል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እጥረቱ ፅንስ እንዲጨነግፍ ወይም ግልገሎች ደካማ ሆነው እንዲወለዱ ያደርጋል። ስለዚህ ከሉካንዳ የሚገኝ የተቀቀለ ቁርጥራጭ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ቢሰጣት ይመረጣል። የላም ወተት ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ስለሚያስከትል ንጹሕ ውሃን ሊተካ አይችልም። ድመት በምትኖርበት ቤት የአይጥ መርዝ መጠቀምም አደገኛ ነው፤ መርዙን የበላ አይጥ ለምትበላው ድመት ሞት ሊሆን ይችላል። ለሰው ማስታገሻ የሚሆነው ፓራሲታሞልም አንድ ፍሬው ብቻ ድመትን ሊገድል ይችላል።

አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙ አይለዋወጥም፤ በዚህ ምክንያት ድመቶች በየትኛውም ወር ሊወልዱ ይችላሉ። በክልሉ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ገደማ በሚዘልቀው የዝናብ ወቅት የተወለዱት ግን የባሰ ሥጋት አለባቸው፤ አዲስ የተወለደ ግልገል የራሱን የሰውነት ሙቀት መቆጣጠር ስለማይችል በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ መኝታ ያስፈልገዋል። ከወለል ከፍ ያለ፣ ጨለም ያለና ነፋስ የማይገባበት ጥግ ላይ ደረቅ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ወይም እንቅብ ከምጡ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢዘጋጅላት፣ ድመቷ ሥፍራውን ትለምደዋለች። በክረምት ሌሊት በሰልፍ ወደ ቤት የሚገባ ጉንዳን ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ ግልገሎችን ወርሮ ሊገድላቸው ስለሚችል፣ ከመተኛት በፊት የጥጉን ዙሪያና የግድግዳውን ሥር በባትሪ ማየት ያስፈልጋል።

ምጡ ሲቀርብ ድመቷ እህል ትተዋለች፤ ጨርቁን በእግሯ ትቧጭራለች፤ የሰውነቷ ሙቀት ከ38 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እያንዳንዱ ግልገል በስስ ከረጢት ተሸፍኖ ይወጣል፤ እናቲቱ ከረጢቱን በምላሷ ትቀድዳለች፤ እትብቱን በጥርሷ ትቆርጣለች፤ የእንግዴ ልጁን ትበላለች፤ ግልገሉ እስኪጮህም ደጋግማ ትልሰዋለች። የሰው ድርሻ ከርቀት መከታተል ነው። ሆኖም ግማሽ ሰዓት ያህል በብርቱ አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ይገባል።

ከ100 ግራም ብዙም የማይርቅ ክብደት ይዞ የሚወለደው ግልገል በመጀመሪያው ቀን እንገሩን ማግኘት አለበት፤ እንገር፣ ማለትም እናት እንደ ወለደች የሚወርደው የመጀመሪያ ወተት፣ በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን የሚያስተላልፈው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ግልገሉ ያለ እናቱ ምላስ ሽንቱንም ዓይነ ምድሩንም ማስወገድ አይችልም። ሕፃናት እየተቀባበሉ ሲይዟቸው እናቲቱ ሥጋት ስለሚገባት ማጅራታቸውን ነክሳ ወደ ሌላ ሥፍራ፣ አንዳንዴም ዝናብ ወደሚያገኛቸው ጥግ ታዛውራቸዋለች። ዓይናቸው ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ እስኪገለጥ ድረስ ጥጉን አለመነካካት የተሻለ ነው። በቤቱ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያጸዳ ይመረጣል፤ ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለውና ፅንስን የሚጎዳው በሽታ በድመት ዓይነ ምድርና ባልበሰለ ሥጋ ይተላለፋልና። ግልገሎቹ ሦስት ወር ሲሞላቸውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ይኖርባቸዋል።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ እናቲቱ ያደነችውን ወደ ጥጉ ይዛ ትመጣለች፤ በመጀመሪያ የሞተ አይጥ፣ ቀጥሎ በሕይወት ያለ አይጥ አምጥታ ከግልገሎቿ ፊት ትለቃለች፤ እነርሱም መያዝን፣ መልቀቅንና አንገት ላይ መንከስን እያዩና እየሞከሩ ይማራሉ። ዓይኑን እንደ ገለጠ ለጎረቤት የሚሰጥ ግልገል ይህን ትምህርት ሳያገኝ፣ ጡትም ሳይጠግብ ይሄዳል፤ ስለዚህ አይጥ የሚይዝ ድመት የሚፈልግ ጎረቤት ስምንት ሳምንት እንዲታገሥ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። እናቲቱ እያጠባች ሳለ እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል፣ አገልግሎቱ በሚገኝበት ሥፍራ ማስመከን ሰውነቷን ከድካም፣ ባለቤቷንም ሊመግባቸው ከማይችላቸው ግልገሎች ያድናል። እህሉን በድመት የሚያስጠብቅ ቤተሰብ ለአራሷ የሚያቀርበው ጥቂት ሥጋና ደረቅ ጥግ ለሠራችለት የሚከፍላት ዋጋ ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራ የሚጠብቁለት አዳኞችም የሚያድጉት በዚያው ጥግ ነው።