ለጀማሪዎች

ሞዛርት የጨረሳቸውን ሥራዎች በገዛ እጁ የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው። ከ1784 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እስከሞተበት እስከ 1791 ድረስ ቀኑን፣ የሥራውን ዓይነትና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኖታዎች ይጽፍበት ነበር። ጁን 26 ቀን 1788 የመዘገበው አንዱ ሥራ «ለጀማሪዎች የሚሆን ትንሽ የፒያኖ ሶናታ» ይላል። በዚያው ቀን ሠላሳ ዘጠነኛውን ሲምፎኒውንም መዝግቧል። አንዱ ለሙሉ ኦርኬስትራ፣ አንዱ ገና ጣቱን ለሚያፍታታ ልጅ መሆኑ ነው። ትንሿ ሶናታ እሱ በሕይወት ሳለ አልታተመችም። በ1805 ለኅትመት ስትበቃ «ቀላል ሶናታ» የሚል ስም ተለጠፈባት። የሥራዎቹን ዝርዝር ያዘጋጁ ሊቃውንት ደግሞ 545 ብለው ቆጥረዋታል።

እኔ ዛሬ የምጣላው ከዚህ «ቀላል» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

ዜማዋን አንባቢም ሳያውቃት አይቀርም። ስሟን ባታውቁ እንኳ በሰው ሞባይል ላይ ሰምታችኋታል፤ ሲጠመዘዝ በሚያዜም የልጅ አሻንጉሊት ውስጥ ሰምታችኋታል። ዶ ሚ ሶል ብላ ደረጃ ትወጣለች፣ ወደ ታች ወደ ሲ ጎንበስ ትላለች፣ ተመልሳ ዶ ላይ ትቀመጣለች። ቀኝ እጅ ይሄን ሲዘምር ግራ እጅ ዶ ሶል ሚ ሶል፣ ዶ ሶል ሚ ሶል እያለ ከሥር ይንከባለላል። በቃ ይሄው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከዳር እስከ ዳር 73 ባር ነው።

ፒያኖው የታላቅ እህቴ ነው። እቴቴ በልጅነቷ ከውጭ አገር መነኮሳት ዘንድ ፒያኖ ስትማር እኔ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ማስተማሩን ትቼ፣ ሃምሳን ተሻግሬ፣ «እስቲ እኔም ልሞክር» ስላት አልሳቀችብኝም። አስተማሪ ፈልጋ አመጣችልኝ። አስተማሪዬ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። «ይሄ የፈረንጅ ነገር በዚህ ዕድሜህ ምን ይፈይድልሃል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023) በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ተምረው፣ ከዚያ የራሳቸውን ሲጫወቱ ይሄን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ነበር ይሆን? እላቸውና አልፋለሁ።

ሁለት ዓመት መልመጃ ሳሽ ከቆየሁ በኋላ ነው ሶናታዋን የሰጠችኝ። በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩላት፤ ሁሉም ኖታ በየቦታው ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ ኖታዎቹን ጨርሰዋል። አሁን ሶናታውን እንጀምር» አለችኝ።

ይሄን ዓረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አምስተኛው ባር ላይ ቀኝ እጅ ስኬል ይጀምራል። ማንኛውም የፒያኖ ተማሪ በየጠዋቱ የሚያንበለብለው ስኬል ነው፤ ይወጣል ይወርዳል፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ እንደገና ይወጣል ይወርዳል፣ ደግሞ ዝቅ። አስተማሪዬ እዚያ ላይ አስቁማኝ፣ «ወዴት እየሄዱ ነው?» ትለኛለች። «ወደ ላይ፣ ወደ ታች።» «እሱማ ደረጃ ነው። ቤቱ የት ነው?» እንግዲህ ጉዱ እዚህ ነው። ስኬሎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ለምን አንድ አይበቃም ነበር? እያንዳንዱ ካለፈው በአንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ ሲነሳ አንድ ሰው ነገሩን ሊናገር ፈልጎ እየቀረበ፣ እየቀረበ የሚመጣ ይመስላል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ሥር በሚሾልክበት ቦታ ላይ ትንሽ እንኳ ጎላ ካለ ግን ወሬው ይቋረጣል፤ የሚሰማው የእጅ ሥራ ብቻ ይሆናል። ወፍራም ሙዚቃ ላይ፣ ፔዳሉን ረግጠው በሚያንጎራጉሩት ላይ፣ አንድ የሳተ ድምፅ እንደ ሠርግ ቤት ጭፈራ መሀል ይጠፋል። እዚህ ግን ነጭ ነጠላ ላይ እንደ ፈሰሰ ቡና ነው።

የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው ጉባኤ ቃናን ነው። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ከቅኔ ሁሉ አጭሯ። ስለዚህ ለጀማሪ ትሰጣለች። ነገር ግን ስምንት ቤት ባለው መወድስ ውስጥ አንድ የላላ ስንኝ ቢገባ ሌሎቹ ይሸከሙታል፤ በሁለት ቤት ውስጥ የላላው ስንኝ የት ይደበቃል? አርተር ሽናብል የተባለው እውቅ ፒያኒስት የሞዛርት ሶናታዎች ለልጆች እጅግ ቀላል፣ ለአርቲስቶች እጅግ ከባድ ናቸው ማለቱ ይነገርለታል። ልጅ ወርቁን ሳይፈልግ ሰሙን በደስታ ይጫወታል። እንደኔ ያለው ሽማግሌ ነው ሰሙንም ሳይዝ ወርቅ ሲቆፍር የሚውለው።

መቼም ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም። ኖርዌያዊው ግሪግ ለዚህች ሶናታ ሁለተኛ ፒያኖ ጨምሮላታል። ትልቅ ሙዚቀኛ ነው፣ አከብረዋለሁ፤ ግን በሰው ሽሮ ላይ ሥጋ እንደ መጨመር ነው። ካናዳዊው ግሌን ጉልድ ደግሞ በሸክላ ሲቀዳት የመጀመሪያውን ክፍል አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው አስሮጧታል። እኔ ግን አልጠላሁለትም፤ ቢያንስ አላሽሞነሞናትም። የእቴቴ አሮጌ የኖታ መጽሐፍ ላይ «ቀስ»፣ «ጎላ»፣ «እየለሰለሰ» የሚሉ ምልክቶች ሞልተዋል፤ በአዲሱ እትም ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለም ማለት ይቻላል። ኋላ የመጡ አዘጋጆች የጨመሩት ነውና ተጠርጓል። በኛ አገር ቢሆን «አንድም» ብለው ከጎኑ ያስቀምጡት ነበር፤ ንባቡ ንባብ፣ ትርጓሜው ትርጓሜ ሆኖ ይለይ ነበር።

ትርጓሜ ካነሳን፣ ሊቃውንቱን ያከራከረ አንድ ቦታ አለ። በዚያ ዘመን ልማድ የመጀመሪያው ዜማ መሀል ላይ ወጣ ብሎ ተንከራትቶ ሲመለስ፣ የሚመለሰው ወደተነሳበት ቤት ነው። ሶናታዋ ከዶ ሜጀር ተነስታለችና መመለሻዋም ዶ ሜጀር መሆን ነበረበት። ሞዛርት ግን 42ኛው ባር ላይ ዜማውን በፋ ሜጀር ያመጣዋል። የታወቀው ሰው ነው የመጣው፣ ግን በጎረቤት በር በኩል። አንዳንዶች ይሄን ስንፍና ነው ብለውታል፤ ከፋ ከተነሳ የመጀመሪያውን ግማሽ እንዳለ ገልብጦ ያለ ድካም ዶ ላይ ይደርሳልና። እኔ ባሮቹን ቆጠርኳቸው። የመጀመሪያው 28 ነው፣ የተመለሰው 32። ሰነፍ ሰው አራት ባር አይጨምርም። ስጫወተው የሚሰማኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ቁጭ ብሎ ትንፋሹን የሚሰበስብ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ደርሰን ሳለ እቴቴን ስትሮክ መታት። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ነበር። ንግግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇ ግን እስካሁን አይታዘዝላትም። ፊዚዮቴራፒስቱ ኳስ ሰጥቷታል፣ ትጨብጣለች፣ ትወረውረዋለች፤ ትወረውረዋለች ስል ተናዳ ማለቴ ነው። ፒያኖው ያለው እሷ በምትተኛበት ክፍል አጠገብ ነውና ልምምዱን ላቆም አሰብኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛዋን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ መጣችና በግራዬ በኩል ወንበር አስቀረበች። «ግራውን ስጠኝ» አለችኝ።

ዶ ሶል ሚ ሶል። ሙያተኞቹ ይሄን አጃቢ አልበርቲ ባስ ይሉታል፤ በ1746 በሞተው በጣሊያናዊው ዶሜኒኮ አልበርቲ ስም የተጠራ ነው። የሰውየው ስም እስካሁን የሚነሳው በዚህች በምትንከባለል ነገር ነው፤ እኔም እንደ ስፌት መኪና ነበር የማያት። እቴቴ ስትጫወተው ግን የመጀመሪያዋን ዶ ጥቂት ታሳርፋታለች፣ ሌሎቹ ሦስቱ ከእሷ ላይ እንደ ውሃ ይወርዳሉ፤ ዝቅተኛዎቹን ድምፆች ብቻ ለይታችሁ ካዳመጣችሁ ከሥር ሌላ ዝግ ያለ ዜማ አለ። ሃምሳ ዓመት ያህል ጣቷ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነገር ነው። እኔ ቀኙን ብቻ ይዤ እንደ ዘፋኝ ተቀመጥኩ። በዚያን ቀን ብዙም አልተናገርንም።

ሁለተኛው ክፍል አንዳንቴ ነው፤ ዝግ ያለ፣ በሶል ሜጀር። ግራ እጅ እዚህም ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻው ያንኑ መንከባለል ይንከባለላል፤ ለእቴቴ የተጻፈ ነው ያስብላል። መሀል ላይ ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና ወደ ማይነር ይዞራል። የተጣላነው እዚህ ላይ ነው።

በጁን 1788 ሞዛርት ገንዘብ አጥሮት ነበር። ከቪየና መሀል ከተማ ወጣ ወዳለ ሰፈር ቤት ቀይሯል። ለወዳጁ ለጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ለፑኽበርግ የብድር ደብዳቤ ይጽፋል፤ አንድ ወይም ሁለት ሺህ ጉልደን ጠይቆ የደረሰው 200 ነው። ሶናታዋን ደብተሩ ላይ ከመዘገበ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁን 29፣ ቴሬዚያ የተባለችው የስድስት ወር ልጁ ሞተች። ይሄን ካነበብኩ በኋላ አንዳንቴውን እንደ ድሮው መጫወት አቃተኝ። ማይነሩ ላይ ስደርስ እዘገያለሁ፣ እለሰልሳለሁ፣ እጎትተዋለሁ። ስንት ዓመት ተማሪዎቼን «የደራሲውን ሕይወት ተዉትና የተጻፈውን አንብቡ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ግን የራሱን ሌክቸር አይሰማም።

እቴቴ ግራ እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

ታሪኩን ነገርኳት። አዳመጠችና ቀኑን መልሳ ጠየቀችኝ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ።

«እንግዲያውስ ያን ቀን ልጅቱ በሕይወት ነበረች።»

«አዎ፣ ግን…»

«ግን የለውም። በሕይወት ነበረች። ለምን አስቀድመህ ትቀብራታለህ?»

እኔም አልተሸነፍኩም። ማወቅን መርሳት አይቻልም አልኳት፤ የሚሰማው ሰው ያውቃል፣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል። «የሚሰማው ይወቅ» አለች፤ «የሚጫወተው ግን ያን ቀን ይጫወት።» አስተማሪዬ በሚቀጥለው ትምህርት ስትመጣ እንድትዳኘን ጠየቅናት። ኖታውን አይታ፣ እዚያ ቦታ ላይ ዝግ በሉ የሚል እንደሌለ ብቻ ነግራን ሻዩዋን መጠጣት ቀጠለች። ወጣት ብትሆንም ብልህ ናት፤ እህትና ወንድም መሀል አልገባችም። እኔ አሁንም ማይነሩ ላይ የሆነ ነገር አለ እላለሁ። ብቻ አልጎትተውም። ሳልጎትተው ስተወው ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ካለፈ በኋላ፣ ሜጀሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲመለስ፣ ሆዴን ያላውሰኛል። ይሄን ለእቴቴ አልነገርኳትም።

ሦስተኛው ክፍል ሮንዶ ነው፣ ቀልደኛ ነገር። ከሁለተኛው አጭር ነው፣ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ቀኝ እጅ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ግራ እጅ አንድ ባር ዘግይቶ ያንኑ ይደግማል፤ ልጅ ታላቁን እየተከተለ ያለውን ሁሉ እንደሚለው። አሁን በየእሑዱ የምንይዘው ይሄን ነው። እኔ ዝግ ብዬ እጀምራለሁ፣ ግራ እጇ ሳይቸኩል እንዲደርስ ብዬ። ያለፈው እሑድ በስምንተኛው ባር ላይ አስቆመችኝ።

«ለምንድን ነው የምትጠብቀኝ?»

«እንዳትደክሚ ብዬ ነዋ።»

«ከጠበቅኸኝማ ምኑን እከተልሃለሁ? ሂድ!» አለችና ግራ እጇን ቁልፎቹ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።